በትልቅ ለውጥ መሀል ሆድ ሲብስ፦ የትኛው መላ ለየትኛው ሰዓት?

ሥራ መልቀቅ፣ ትዳር መፍረስ፣ ልጅ መውለድ፣ አገር መቀየር፣ ጡረታ መውጣት፣ የቅርብ ሰው ማጣት። ለየቅል ናቸው። ግን አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። ትናንት ሳታስቡት ታደርጉት የነበረው ሁሉ ዛሬ ሐሳብ ይፈልጋል። ቅዳሜን ከማን ጋር ላሳልፍ? ዜና ስሰማ መጀመሪያ ለማን ልደውል? "ምን ትሠራለህ?" ሲሉኝ ምን ልመልስ? በዚህ መሀል ፍርሃቱ፣ ንዴቱ፣ ናፍቆቱ፣ እፍረቱ ተደባልቆ ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ ምክንያቱ የማይታወቅ መከፋት ብቻ።

ምክሩ ሞልቷል። አንዱ "አውጪው፣ ተናገሪው" ይላል። ሌላው "አትቆስቁሺው፣ ይረሳሻል" ይላል። ሦስተኛው ስፖርት ያዛል። አራተኛው "በጎ በጎውን አስቢ" ይላል። ሁሉም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። የሚገርመው ደግሞ አብዛኞቹ ልክ ናቸው፤ ለሆነ ሰዓት። ያ ሰዓት ሲያልፍ ትናንት ያተረፈን መላ ዛሬ መልሶ ይጎዳናል። ስለዚህ እዚህ አንዱን መላ አላነግሥም። የቱ መቼ እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚበላሽ ነው የማወዳድረው።

መለኪያዬ ቀላል ነው። "አሁን ያቀልልኛል ወይ?" ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። አሁንማ ብዙ ነገር ያቀላል። ዋናው ጥያቄ "ነገ ጠዋት ስነሳ ምን ትቶልኝ ይሄዳል?" የሚለው ነው። ማታ አቅልሎ ጠዋት ዕዳ የሚያስቆጥር መላ በእኔ ግምት ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ደስ የሚለው ለውጥም ያስጨንቃል

ወደ ንጽጽሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. በ1967 ቶማስ ሆልምስና ሪቻርድ ሬይ የተባሉ ሁለት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች 43 የሕይወት ክስተቶችን ደረደሩ። ከዚያ እያንዳንዱ ምን ያህል ራስን ማስተካከል እንደሚጠይቅ ሰዎች ነጥብ እንዲሰጡት አደረጉ። የትዳር ጓደኛ ሞት 100፣ ፍቺ 73 አገኘ። እስከዚህ ድረስ የሚጠበቅ ነው። ትዳር መመሥረት ግን 50፣ ከሥራ መባረር 47። ሠርጉ ከስንብት ደብዳቤው በለጠ ማለት ነው። ነጥቡ የሚለካው ሐዘንን ሳይሆን ለመልመድ የሚፈጀውን ጉልበት ነውና።

ይህን የማነሳው ብዙ ሰው በከፋው ላይ ሌላ መከፋት ስለሚጨምር ነው። "የተመኘሁትን ሥራ አግኝቼ፣ ልጄ በሰላም ተወልዶ፣ ምን ሆንኩ ብዬ ነው የማለቅሰው?" ይላል። ምንም አልሆናችሁም። አዲሱን ወዳችሁትም አሮጌው ሊናፍቃችሁ ይችላል። ለዚህ መላ አያስፈልገውም፤ ራስን መኮነኑን መተው ብቻ ይበቃል።

መጀመሪያ መለየት፦ የሚፈታ ነው ወይስ የማይፈታ?

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ሥራ ሰዎች ጭንቅን የሚቋቋሙባቸውን መንገዶች በሁለት ጎራ ከፈሏቸው። አንደኛው ችግሩን ራሱን መጋፈጥ ነው። ሁለተኛው ችግሩ የቀሰቀሰውን ስሜት መያዝ። ጠቃሚው ነገር የትኛው ለየትኛው እንደሚስማማ ማየቱ ነው። ልታደርጉበት የምትችሉት ነገር ካለ የመጀመሪያው ያዋጣል። ከእጃችሁ የወጣ ከሆነ ሁለተኛው።

ሲነገር ግልጽ ይመስላል። በተግባር ግን ሁለቱ ተጠላልፈው ነው የሚመጡት። አንዲት ሴት አዲስ አገር ገባች እንበል። ማታ ማታ ደረቷን ይጨንቃታል። "ብቸኝነት ነው" ትላለች። ቁጭ ብላ ወረቀት ላይ ብታወጣው ግን እንዲህ ይሆናል። የመኖሪያ ፈቃዷ ጉዳይ አልተቋጨም። የተላከላትን አንድ ደብዳቤ ሳትከፍተው ሰንብታለች። እናቷ ናፍቃታለች። ቋንቋው ገና አፏ ላይ አልገባም፤ ቀልድ ሲቀለድ ከሁሉም ኋላ ነው የምትስቀው። ከእነዚህ ውስጥ ደብዳቤው ነገ ጠዋት ይከፈታል። ፈቃዱን በተመለከተ አንድ ስልክ ይደወላል። ናፍቆቱ ግን የሚፈታ ነገር የለውም። ቀልዱም ጊዜ ይፈልጋል።

ስሕተቱ በሁለት በኩል ይመጣል። አንዱ፣ ያልተከፈተ ደብዳቤ ላይ በጥልቀት መተንፈስ ነው። ትንፋሹ ጥሩ ነው፤ ደብዳቤው ግን እዚያው ነው። ሌላው ደግሞ የማይፈታውን ለመፍታት መባዘን ነው። ከተለያዩት ሰው ጋር "አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ ብናወራ" እያሉ መልእክት መጻፍ፣ ማጥፋት፣ እንደገና መጻፍ። እኔ ስገምት የሁለተኛው ጉዳት ይበልጣል፤ ሥራ የተሠራ ያስመስላልና።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ወረቀት። በግራ በኩል "ነገ አንድ ነገር ላደርግበት የምችለው"፣ በቀኝ በኩል "ከእጄ የወጣው"። የግራው አጭር ቢሆንም ከእሱ ጀምሩ። ከዚህ በታች ያሉት ንጽጽሮች በአብዛኛው ስለ ቀኙ ናቸው።

መጋፈጥ ወይስ ዞር ማለት?

ትልቁ ክርክር ይህ ነው። ሁለቱም ወገን ማስረጃ አለው።

"አታስቡት" የሚለው ምክር እንደማይሠራ ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 አሳይተዋል። ተማሪዎችን "ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ" አሏቸው፤ ድቡ ትዝ ባላቸው ቁጥር ደወል እንዲመቱ ነገሯቸው። ደወሉ ተደጋግሞ ተመታ። የባሰው ደግሞ በኋላ "አሁን አስቡ" ሲባሉ ነው። ቀድሞ እንዳያስቡ ከተከለከሉት ይልቅ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ የተፈቀደላቸው ያነሰ አሰቡ። ሐሳብን በጉልበት ስትገፉት እየጠበቃችሁት ነው ማለት ነው። ዘበኛው ራሱ ያስታውሳችኋል።

ታዲያ ሁሌ መጋፈጥ ነው መልሱ? አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ኖለን-ሆክሰማ ዘመኗን ሙሉ ያጠናችው የዚህን ተቃራኒ ነበር። በመከፋታቸው ላይ የሚብሰለሰሉ ሰዎች መከፋታቸው ይረዝማል፣ ይከብዳል። ለትንሽ ጊዜ ሐሳባቸውን ወደ ሌላ ነገር ያዞሩት ቀለል ይላቸዋል። መጋፈጥ የመሰለን ነገር ብዙ ጊዜ ያንኑ መብሰልሰል ነው።

ሁለቱን እንዴት እንለያቸው? እኔ የምጠቀምበት ምልክት ይህ ነው። ስሜትን መጋፈጥ ሰውነት ውስጥ ቦታ አለው፤ ጉሮሮን ይይዛል፣ ሆድን ያላውሳል፣ እንባ ያመጣል፣ ከዚያ ትንሽ ይረግባል። ይንቀሳቀሳል። መብሰልሰል ግን ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጥያቄው ሁሌ "ለምን" ነው፤ ለምን እኔን፣ ለምን ያኔ ዝም አልኩ፣ ለምን እንዲህ አለችኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላም እዚያው ቦታ ትገኛላችሁ። ደክሟችኋል፤ ጠብ ያለ ነገር ግን የለም። እንዲህ ሲሆን መጋፈጣችሁ አብቅቷል። ተነሡ።

በሐዘን ላይ የሠሩት ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ስኹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ አሳማኝ ነው። ሐዘንተኛ ሰው ከሁለት ነገር መሀል ይመላለሳል ይላሉ። አንዴ ወደ ያጣው ነገር ይዞራል፤ ፎቶ ያያል፣ ያለቅሳል። አንዴ ወደ አዲሱ ኑሮ ይዞራል፤ ሟቹ ይሠራው የነበረውን ሥራ ይማራል፣ ሒሳብ ይከፍላል፣ ወዳጅ ያገኛል። ጤነኛው መንገድ መመላለሱ ራሱ ነው። አንዱ ላይ ተተክሎ መቅረት ነው የሚያሳስበው። ይህ ከሞት ውጪ ላሉ ለውጦችም ጥሩ ልክ ይመስለኛል። ጠዋት አልቅሳ ከሰዓት የሳቀች ሰው አስመሳይ አይደለችም።

በተግባር፦ ለስሜቱ ሰዓት ስጡት። ለምሳሌ አመሻሽ ላይ ሃያ ደቂቃ። ቀን ላይ ሲመጣ "ማታ እንገናኛለን" በሉት። ይህ ማፈን አይደለም፤ ቀጠሮ ነው። መቀመጫ ለይታችሁ ቁጭ በሉ፣ የመጣው ይምጣ። ሃያ ደቂቃው ሲያልቅ ደግሞ እጅና ሐሳብን አንድ ላይ የሚይዝ ነገር ይኑር። ልብስ ማጠብ፣ የተሰበረ ነገር መጠገን፣ ከልጅ ጋር መጫወት፣ ምግብ ማብሰል። ስልክ ላይ ጣት ማንሸራተት ግን ዞር ማለት አይባልም። እጅን ይይዛል እንጂ ሐሳብን አይዝም። በዚያ ላይ የሌላው ሰው ደህና ሕይወት በየሁለት ሴኮንዱ ፊታችሁ ላይ ይደቀናል።

መጠጥ? የጠዋቱን ፈተና ይወድቃል። ቶሎ ያስተኛል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ እንቅልፍ ይቆራርጠዋል፣ ሕልም የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍልም ይቀንሳል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልባችሁ እየመታ ትነቃላችሁ። ጭንቁም አብሮ ይነቃል። ሥራ ውስጥ መደበቅ ደግሞ ከመጠጥ ይሻላል፤ ግን ሰው ስለሚያጨበጭብለት ለመተው ይከብዳል።

ማውራት ወይስ መጻፍ?

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። እውነት ነው። ለማን፣ እንዴት፣ ስንቴ መናገር እንዳለብን ግን ተረቱ አይነግረንም።

ከመጻፍ እንጀምር፤ ሰው የሚንቀው እሱን ነውና። ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ጻፉ። አንዳንዶቹ ስለ ተራ ነገር፣ ሌሎቹ በሕይወታቸው ከደረሰው ሁሉ ስለከበዳቸው ነገር። ውጤቱ አስገራሚ ነበር። ስለከባዱ ነገር የጻፉት እንደጨረሱ ይበልጥ ከፋቸው። በቀጣዮቹ ወራት ግን የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት ወደ ጤና ጣቢያ መመላለሳቸው ቀነሰ። በኋላ የተሠሩ በርካታ ጥናቶች ሲደመሩ ጥቅሙ በአማካይ ትንሽ መሆኑ፣ ከሰው ሰው መለያየቱም ታይቷል። ቢሆንም ወጪ የለውም፣ ሰው አያስቸግርም፣ እኩለ ሌሊት ላይም ይገኛል።

አካሄዱ ይህ ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ የሚደውል ሰዓት ሙሉ። ለሰዋስው አትጨነቁ፤ ማንም አያነበውም፤ ከፈለጋችሁ ቅደዱት። የሆነውንም የተሰማችሁንም ጻፉ። አንዱ ብቻውን ከሆነ ወይ ዘገባ ይሆናል ወይ ምሬት። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያውን ቀን ቃል በቃል እየደገማችሁት ከሆነ ወረቀት ላይ መብሰልሰል ጀምራችኋልና አቁሙ። ፔኔቤከር ራሱ የሚመክረው ሌላ ነገር አለ። ስለ አንድ ጉዳይ መጻፍ ከአቅሜ በላይ ሆኖ ይሰብረኛል ካላችሁ አትጻፉበት። ሌላ ጻፉ።

አንድ ብልሃት ልጨምር። "እኔ" እያላችሁ ከመጻፍ ይልቅ በስማችሁ እየጠራችሁ፣ እንደ ሌላ ሰው ጻፉ። ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ ባደረጓቸው ሙከራዎች በስማቸው ራሳቸውን እየጠሩ ያሰቡ ሰዎች ጭንቀታቸው ቀለል ብሎላቸዋል። ትንሽ ያስቃል፤ ግን ለጓደኛችን የምናዝንለትን ያህል ለራሳችን እንድናዝን መንገድ ይከፍታል።

ማውራት የሚያሸንፈው የት ነው? እፍረት ባለበት። የተባረረ፣ የተከዳ፣ የወደቀ ሰው ጉዳዩን ለብቻው በያዘው ቁጥር እፍረቱ ያድጋል። አንድ ሰው ፊቱ ሳይለወጥ ሲሰማው ግን ግማሹ ይወርዳል። ይህን ወረቀት አያደርገውም። ወረቀት ፊት የለውም።

ግን ማውራት ሁሉ አንድ አይደለም። ይህችን ተመልከቱ፦

"ደክሞኛል።"
"በርቺ እንጂ! ከዚህ የባሰም አለ እኮ።"

እዚህ ላይ ወሬው አለቀ። ተናጋሪዋ "እሺ" ብላ ርዕስ ትቀይራለች። ሁለተኛው መንገድ፦

"ደክሞኛል።"
"ምኑ ነው በጣም ያደከመሽ?"

አሁን በር ተከፈተ። የመጀመሪያዋ ጓደኛ ክፉ አይደለችም። ምን እንደምታደርግ አታውቅም፤ ስለዚህ ንገሯት። "አሁን ምክር አልፈልግም፣ ስሚኝ ብቻ" ወይም "ዛሬ ግራ ገብቶኛል፣ ሐሳብሽን ስጪኝ" ማለት ነውር የለውም። ስድብም አይደለም። ብዙ ጓደኝነትን ከመቀያየም ያተርፋል።

ወጥመዱ ደግሞ ሌላ ጫፍ ላይ ነው። ሁለት ወዳጆች ተቀምጠው ያንኑ ጉዳይ ማታ ማታ ይፈትሉታል፤ ያለውን ቃል፣ የላከውን መልእክት፣ ነጥብ ያደረገበትን ቦታ ሳይቀር። አማንዳ ሮዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን ዓይነቱን አብሮ መብሰልሰል በልጆችና በወጣቶች ላይ አጥንታለች። ጓደኝነቱን ያጠብቀዋል፤ ከጭንቀትና ከመከፋት ጋርም አብሮ ይገኛል። ስለዚህ ደስ ይላል፣ ግን አያቀልም። ከወዳጃችሁ ተለያይታችሁ ስትሄዱ ቀለል አላችሁ ወይስ እንደ አዲስ ነደዳችሁ? መልሱን እግራችሁ ይነግራችኋል።

ንዴትን "ማስወጣት" ለብቻው ይነሣ። ትራስ ደብድቡ፣ ጩኹ ይባላል። ብራድ ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ሙከራ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቡጢ ከረጢት የደበደቡት፣ ምንም ሳያደርጉ ዝም ብለው ከተቀመጡት ይበልጥ ተናደዱ። እንግዲህ ትራሱ ይረፍ።

ስመርጥ እንዲህ ነው። ጉዳዩ ውስብስብ ሆኖ ራሴም ካልገባኝ ወረቀት። ካሳፈረኝ ሰው። የምነግረው ሰው ራሱ በጉዳዩ የሚጎዳ ከሆነ፣ ለምሳሌ ስለ ፍቺ ለልጅ፣ መጀመሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ሌላ ሰው፣ መጨረሻ ላይ እሱ። ሌሊት ከሆነ ወረቀት፤ በሌሊት የተላከ መልእክት ጠዋት ሲነበብ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላልና።

በጎ በጎውን ማሰብ ወይስ መቀበል?

"ሁሉም ለበጎ ነው" የሚለውን ራሳችሁ ብትሉት አንድ ነገር ነው። ሌላ ሰው በሁለተኛው ቀን ሲላችሁ ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አፍ ማዘጊያ ነው።

ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት መጥፎ መላ አይደለም። ግን ቦታ አለው። አሊሰን ትሮይና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ያገኙት ይህን ነው። ችግሩ ከእጃቸው የወጣ ሰዎች ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት ሲችሉ መከፋታቸው አነሰ። ችግሩ በእጃቸው ያለ ሰዎች ግን ይህን ችሎታ ሲይዙ መከፋታቸው ከፍ አለ። ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም። ሊለቁት የሚገባን ሥራ በበጎ ዓይን ማየት እዚያው ያስቀራል።

መቀበል ሌላ ነገር ነው። "ጥሩ ነው" ማለት አይደለም፤ "አዎ፣ ሆኗል፤ አዎ፣ ያመኛል" ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በስቲቨን ሄይስና በሌሎች የዳበረው በመቀበልና በቁርጠኝነት ላይ የቆመ የሥነ ልቦና ሕክምና መነሻው ይኸው ነው። ስሜቱ እስኪሄድ አትጠብቁ፤ ይዛችሁት የምትፈልጉትን አድርጉ። ፈርታችሁም ቢሆን ወደ አዲሱ ክፍል ግቡ፤ አልቅሳችሁም ቢሆን ልጁን ከትምህርት ቤት አምጡት። ገና ትኩስ በሆነ ሕመም ላይ እኔ ይህን አስቀድማለሁ። ትርጉም ፍለጋው ይቆየን።

ሰውነት ሲቀድም

ልብ ሲመታ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ መጻፍም ማሰብም አይሆንም። ያኔ መጀመሪያ ሰውነት ነው።

ትንፋሽ የሚሆነው ለደቂቃዎች ለሚቆይ ጭንቅ ነው። ሚስጥሩ የሚወጣውን ትንፋሽ ከሚገባው ማስረዘም ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በአፍንጫ ሁለቴ ስቦ በአፍ ቀስ ብሎ ማስወጣትን፣ በቀን አምስት ደቂቃ ለአንድ ወር፣ ፈትሾ የሰዎቹ መንፈስ እንደተሻሻለ አግኝቷል። የእግር ጉዞ ደግሞ ለንዴትና መቀመጫ ለሚያሳጣ ጭንቅ ይሻላል፤ ለደነዘዘ ቀንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በዚህ ሰሞን ሩቡን ብትሄዱም ከዜሮ ይበልጣል። እንቅልፍን በተመለከተ የመተኛ ሰዓትን ከማስገደድ የመነሻ ሰዓትን አንድ ማድረግ ይቀላል።

ትልቅ ውሳኔ፦ አሁን ወይስ ቆይቶ?

ሰው ሲከፋው ውሳኔ ያምረዋል። ሥራውን ልልቀቅ፣ ወደ ድሮው ቤት ልመለስ፣ ሁሉንም ስልክ ላጥፋ። ዳንኤል ጊልበርት፣ ቲሞቲ ዊልሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት ሰዎች መጥፎ ስሜታቸው ምን ያህል እንደሚቆይ ሲገምቱ አጋነው ነው የሚገምቱት። "እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው" የሚለው ስሜት እውነተኛ ነው፤ ትንቢቱ ግን ብዙ ጊዜ አይሰምርም።

ስለዚህ የሚመለሰውን ከማይመለሰው ለዩ። ፀጉር መቆረጥ ይመለሳል፤ ያድጋል። ፈቃድ መውሰድ ከመልቀቅ፣ ቤት ማከራየት ከመሸጥ፣ ለጊዜው አለማውራት ከመቆራረጥ ይሻላል። ለማይመለሰው ቀን ቁረጡለት። ሐሳቡ ከሳምንታት በኋላ፣ በደህና ቀን ጠዋትም እዚያው ካለ ያኔ ሌላ ክብደት አለው። ከዚህ ውጪ የሚሆን አንድ ጉዳይ አለ። የሚመታችሁ፣ የሚያስፈራራችሁ ሰው ካለ ስሜቱ እስኪረጋ አትጠብቁ። መጀመሪያ ከአደጋው ውጡ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ወዳጅ ወይስ ባለሙያ?

ወዳጅ ያውቃችኋል፣ ይወዳችኋል፣ ይደክማልም። ባለሙያ አያውቃችሁም፤ ግን አይደክምም፣ አይቀየማችሁም፣ ምስጢራችሁን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሦስተኛም አለ፤ ያንኑ መንገድ ያለፈ ሰው። የፈታ ለሚፈታ፣ የተሰደደ ለሚሰደድ፣ ብዙ ማብራሪያ ሳያስፈልግ ይገባዋል። ችግሩ የእሱን መንገድ እንደ ካርታ ሊሰጣችሁ መሞከሩ ነው።

መቼ ወደ ባለሙያ እንሂድ? ጥቂት የታወቁ መስመሮች አሉ። ለሁለት ሳምንት ያህል በአብዛኛው ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ከከፋችሁ ወይም ምንም ነገር ደስ ማሰኘቱን ካቆመ፣ ከዚህ ጋር እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ጉልበትና ትኩረት ከተዛባ፣ ለድብርት መታየት ይገባል። የለውጥ ጭንቅ ራሱም በሕክምናው ዓለም ስም አለው። ክስተቱ በደረሰ በሦስት ወር ውስጥ ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ሲሆንና ሥራን ወይም ግንኙነትን ሲያውክ ከለውጥ ጋር የመላመድ ሕመም ይባላል። ምክንያቱ ካበቃ በኋላ በአብዛኛው በስድስት ወር ውስጥ ይረግባል። እስከዚያ ለብቻ መጎተት ግን ግዴታ አይደለም።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ንጽጽር የለም። የዚያኑ ሰዓት ለአንድ ሰው ንገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂዱ። ሌላ ሰው ላይ ብታዩም "እንዲህ ታስቢያለሽ ወይ?" ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። ጠይቁ።

ባለሙያ ጋ ስትቀርቡ የመጀመሪያው ቀን ብዙ ሰው አፉ ይተሳሰራል። አንድ ገጽ ይዛችሁ ሂዱ። መቼ ጀመረ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ምን ሞከራችሁ፣ ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ፣ ከሁሉ በላይ የከበዳችሁ የትኛው ሰዓት ነው። አንብቡለት ወይም ስጡት። ባለሙያው በምን መንገድ እንደሚያክማችሁ፣ ስንት ጊዜ ያህል እንደምትገናኙም ጠይቁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንዳልተግባባችሁ ከተሰማችሁ ፊት ለፊት ንገሩት፤ ይህን መስማት የሥራው ክፍል ነው። ካልተስተካከለም ሌላ ባለሙያ መፈለግ ይቻላል።